የኦፌር ወገን፦ ከሰማርያ ገሎች እስከ ዘኍልቍ መጽሐፍ

በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 17 የምናሴ ነገድ ከዮርዳኖስ በስተምዕራብ ያገኘው ርስት ሲዘረዘር፣ ሒሳቡ በችኮላ ለሚያነብ ሰው አይገጥምም። ስድስት ወገኖች ይጠራሉ፦ አቢዔዝር፣ ኬሌግ፣ አሥሪኤል፣ ሴኬም፣ ኦፌርና ሸሚዳ። ዕጣው ግን 10 ነው። ቁጥሩ የሚሞላው ኦፌር ከዝርዝሩ ወጥቶ፣ ወንድ ልጅ ሳይተካ የሞተው የልጁ የሰለጰዓድ አምስት ሴቶች ልጆች አንድ አንድ ዕጣ ሲይዙ ነው። ስማቸው ማህለህ፣ ኑዓ፣ ዔግላ፣ ሚልካና ቲርጻ ነው። በዘኍልቍ 27 እነዚሁ እኅትማማቾች በሙሴ፣ በካህኑ በአልዓዛርና በማኅበሩ ፊት ቆመው የአባታቸው ስም ከወገኑ መካከል እንዳይጠፋ ይከራከራሉ፤ ይረታሉም።

ታሪኩ በአብዛኛው የሚነሣው ስለ ሴቶች የውርስ መብት ሲወራ ነው። የወገኑ ነገር ግን ከዚያ ይሰፋል። በ1910 በጆርጅ ራይስነር የተመራው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ቁፋሮ በጥንታዊቱ ሰማርያ ቤተ መንግሥት ግቢ በቀለም የተጻፈባቸውን ገሎች አገኘ። ጽሑፎቹ አጫጭር የመዝገብ ማስታወሻዎች ናቸው፤ የንጉሡን የዘመን ቁጥር (9ኛ፣ 10ኛ ወይም 15ኛ ዓመት)፣ ዕቃው የመጣበትን ስፍራ፣ የሰው ስም፣ ከዚያም አንድ ማሰሮ ያረጀ ወይን ወይም የጠራ ዘይት ይመዘግባሉ። ብዙዎቹ ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ያስቀምጧቸዋል። ከስፍራዎቹ ስሞች መካከል አቢዔዝር፣ ኬሌግ፣ አሥሪኤል፣ ሴኬምና ሸሚዳ አሉ። ኦፌር የለም። ኑዓና ዔግላ ግን አሉ።

ይህ መገጣጠም በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም። ዘኍልቍ የመጨረሻ መልኩን የያዘው ሰማርያ በአሦር እጅ ከወደቀች ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው የሚለውን አስተያየት ብንቀበል እንኳ፣ የወገኖቹ ዝርዝር የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት በሕይወት ሳለ ከነበረ የአስተዳደር እውነታ የተወረሰ መሆን አለበት። መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ የኖረ ጸሐፊ እነዚህን ስሞች ከልቡ አመንጭቶ ከሰማርያ መዝገብ ጋር ሊያስማማቸው አይችልም። (በመሳፍንት 8 ጌዴዎን የኤፍሬምን ሰዎች ሲያባብል የአቢዔዝርን የወይን መከር እንደ ምሳሌ ያነሣል፤ በገሎቹም አቢዔዝር ወይን ስትልክ እናያለን።)

በገሎቹ ላይ የተጻፉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ ግን ስምምነት የለም። ከተመራማሪዎቹ ይጋኤል ያዲን ዕቃውን የላኩ ባለርስቶች ናቸው ብሎ ነበር፤ አንሰን ሬይኒ ደግሞ በንጉሡ ዘንድ ተቀምጠው ከርስታቸው ምርት የሚቀበሉ ሹማምንት አድርጎ አያቸው። ለእኛ ጥያቄ የሚበልጠው ሁለቱም የሚስማሙበት ነው፦ የወገን ስም የአውራጃ ስም ሆኗል።

እንግዲህ አምስቱ እኅትማማቾች የአምስት አውራጃዎች ስም ብቻ ናቸው? ብዙ ተመራማሪዎች ወደዚህ ያዘነብላሉ፤ ቲርጻ ንጉሥ ዘንበሪ ሰማርያን ከመሥራቱ በፊት የእስራኤል ነገሥታት መቀመጫ የነበረች ከተማ መሆኗም ይደግፋቸዋል። ሮላን ደ ቮ ከ1946 እስከ 1960 የቆፈረው ቴል ኤል ፋራ እርሷ እንደሆነ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ሆኖም ይህ ማብራሪያ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። የመሬት ስሞችን ለማስረዳት ብቻ ቢሆን ሰለጰዓድን የአምስት ወንዶች ልጆች አባት ማድረግ በቀለለ ነበር። ጸሐፊዎቹ ግን ሴትነታቸውን ጠብቀው ሕግ መሠረቱበት። የቀድሞውን የጎጃም የርስት ሥርዓት የሚያውቅ አንባቢ መሬት በአቅኚው ስም መጠራቱ ባያስገርመውም ልዩነቱን ያስተውላል፤ በጎጃም እስከ 1975 ድረስ ድርሻ በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር፣ በምናሴ ግን ሴት የምትወርሰው ወንድም ሲታጣ ብቻ ነው።

በዘኍልቍ 36 ይህ መብት ይጠብባል፦ ሴቶቹ ከአባታቸው ነገድ ውጭ እንዳያገቡ ይታዘዛል፤ የአጎቶቻቸውንም ልጆች ያገባሉ። ይህን የጠየቁት የገለዓድ ወገን አለቆች ናቸው። ገለዓድ ከዮርዳኖስ ማዶ በስተምሥራቅ ያለ አገር ሲሆን የእኅትማማቾቹ ርስት በምዕራብ ነው። ዘኍልቍ 26 ስድስቱንም ወገኖች የገለዓድ ልጆች ያደርጋቸዋል፤ ኢያሱ 17 ግን ከገለዓድ አባት ከማኪር ለይቶ የቀሩት የምናሴ ልጆች ይላቸዋል። በእኔ ግምት የዘኍልቍ የትውልድ ሐረግ ሁለቱን የወንዝ ማዶዎች በአንድ አባት ሥር ያሰረ የኋላ ዘመን ሥራ ነው፤ የገለዓድ አለቆች ስለ ምዕራቡ መሬት የመናገር መብት ያገኙትም በዚሁ ሐረግ ነው።