ፓክማን ከሲልከን ቫሊ ወደ ቶኪዮ፣ ከዚያም ወደ ሲልከን ቫሊ

ከኦክላንዱ ቴሜስካል፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ካሉበት የቴሌግራፍ ጎዳና ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚነዳ ሰው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ በአንድ ሰዓት ገደማ ሲልከን ቫሊ ይገባል። ፓክማን፣ በጠባብ መተላለፊያዎች ውስጥ ነጥብ እየለቀመ ከአራት መናፍስት የሚሸሸው ቢጫ አፍ፣ ዘወትር የቶኪዮ ሥራ ተደርጎ ይነገራል። ነውም። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ግን አንደኛው ወገን ከዚሁ ሸለቆ ይመዘዛል።

አታሪ እዚህ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በቀጣዩ ዓመት «ጋቻ» የተባለ በሳንቲም የሚሠራ ማሽን አወጣ፤ በተጠማዘዙ መተላለፊያዎች መካከል አንዱ ተጫዋች ሌላውን የሚያሳድድበት፣ ከልጆች አባሮሽ ብዙም የማይርቅ ጨዋታ ነበር። ገበያው አልተቀበለውም። ማሽኑ ፕሮሰሰር ስላልነበረው ራሱ ማሳደድ አይችልም፤ አሳዳጁም ተሳዳጁም ሰው መሆን ነበረባቸው።

በ1974 ገንዘብ ያጠረው አታሪ፣ ኪሳራ ያከማቸበትን የጃፓን ቅርንጫፉን ለናምኮ ሸጠ። የናምኮ መሥራች ማሳያ ናካሙራ ሥራውን የጀመረው በ1955 በመደብር ጣሪያ ላይ ባቆማቸው የልጆች መጫወቻ ፈረሶች ነበር። ከግዢው ጋር የአታሪን ጨዋታዎች በጃፓን የማከፋፈል መብት አገኘ። ለሻጩ ሸክም ማቃለያ የነበረው ለገዢው ትምህርት ቤት ሆነ።

ቶሩ ኢዋታኒ ናምኮን የተቀላቀለው በ1977 ነው። የጨዋታ ቤቶቹ በወንዶች ተሞልተው፣ ጨዋታዎቹም ተኩስ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ሴቶችንና ጥንዶችን የሚስብ ነገር ሲያስብ መብላት ላይ ደረሰ። (አንድ ቁራሽ የጎደለው ፒዛ መልኩን ሰጠ የሚለው ዝነኛ ታሪክ፣ እርሱ ራሱ እንዳለው፣ ግማሽ እውነት ነው፤ «አፍ» የሚለው የጃፓን ፊደልም ድርሻ አለው።)

የጨዋታው ብልሃት በመናፍስቱ ላይ ነው። የሚያስቡ ይመስላሉ፤ አያስቡም። እያንዳንዱ መንፈስ ዒላማ የሚያደርገው አንድ ካሬ አለው፤ መገንጠያ ሲደርስ በቀጥታ ቢለካ ለዒላማው የሚቀርበውን አቅጣጫ ይመርጣል። ከአንድ እርምጃ አሻግሮ አያይም። ልዩነታቸው በዒላማው ነው። ቀዩ ፓክማን ያለበትን ካሬ ያነጣጥራል። ሮዙ አራት ካሬ ቀድሞ ከፊቱ ሊደርስ ይሞክራል። ውሃ ሰማያዊው ከቀዩ ተነሥቶ ከፓክማን ፊት ሁለት ካሬ ወዳለው ቦታ መስመር ያሰምርና ያንኑ ያህል ያረዝመዋል፤ ስለዚህ ቀዩ በቀረበ ቁጥር እርሱም ይበልጥ አደገኛ ይሆናል። ብርቱካናማው ከስምንት ካሬ በላይ ሲርቅ ያሳድዳል፤ ሲቀርብ ወደ ማዕዘኑ ያፈገፍጋል። አንዱ ሌላውን ሳያማክር አራቱም የመከሩበት ከበባ ይመስላል። ያለ ዕረፍትም አያሳድዱም፤ በመጀመሪያው ደረጃ ለ7 ሰከንድ ወደየማዕዘናቸው ተበትነው ለ20 ሰከንድ ያሳድዳሉ፤ ይህም ይደጋገማል።

ዕጣ የሚገባው መናፍስቱ ጥቁር ሰማያዊ ሆነው ሲሸሹ ብቻ ነው፤ እርሱም በየደረጃው መጀመሪያ ከአንድ ቦታ ስለሚነሣ እውነተኛ ዕጣ አይደለም። ያው እንቅስቃሴ ያንኑ ውጤት ይሰጣል። እንደ ገበጣ ተጫዋች ጠጠሩን አስቀድሞ የሚቆጥር ሰው፣ መንገዱን በቃሉ አጥንቶ 244ቱንም ነጥቦች ሊለቅም ይችላል።

ለዚህ ሁሉ ፕሮሰሰር ያስፈልግ ነበር። የፓክማን ልብ ዜድ80 ነው፤ በ1976 ለገበያ ያቀረበው በዚሁ ሸለቆ የነበረው ዚሎግ ሲሆን፣ ከመሥራቾቹ አንዱ ከጣሊያን የመጣው ፌደሪኮ ፋጂን ነው። የደረጃው ቆጣሪ በስምንት ቢት ስለሚጻፍ ከ255 አያልፍም፤ 256ኛው ደረጃ ላይ የስክሪኑ ቀኝ ግማሽ በተዘበራረቁ ፊደላትና ምልክቶች ተሞልቶ ጨዋታው ያበቃል።

ናምኮ ማሽኑን በግንቦት 1980 ቶኪዮ ውስጥ ለሙከራ አቆመ፤ በዚያው ዓመት የቺካጎው ሚድዌይ ወደ አሜሪካ አስገባው። በ1982 አታሪ፣ አንድ ጊዜ ቅርንጫፉን የሸጠለትን ድርጅት ጨዋታ በፈቃድ ለቤት ማሽኑ አዘጋጀ። ካሴቱ የመናፍስቱ ምስል እየተርገበገበም ቢሆን በሚሊዮኖች ተሸጠ። ፕሮግራሙን የጻፈው ቶድ ፍራይ ከሽያጩ ድርሻ ነበረው፤ አታሪ ይህን የፈቀደው ባለሙያዎቹ በ1979 ጥለውት ወጥተው አክቲቪዥንን ከመሠረቱ በኋላ ነው። ጨዋታውን የፈጠረው ኢዋታኒ ግን ከደመወዙ ሌላ ለፓክማን የተለየ ክፍያ አላገኘም።