የጽዋ ፈንገሶች አመዳደብ፦ ከቅርጽ ወደ ክዳን

የጽዋ ፈንገስ የሚባሉት በበሰበሰ ግንድ፣ በእርጥብ አፈር ወይም በእበት ላይ የሚበቅሉና አፉ የተከፈተ ጽዋ የሚመስል አካል የሚያወጡ ፈንገሶች ሲሆኑ፣ ስፖር የተባሉት ጥቃቅን የመራቢያ ሕዋሶቻቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ስምንት ሆነው፣ የጽዋውን ውስጠኛ ገጽ በሸፈኑ ቀጫጭን ከረጢቶች ውስጥ ይገኛሉ። የተፈጥሮ ተመራማሪው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ፔዚዛ» በተባለው ወገን፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን በሚያቅፈው እርከን፣ ሥር ሲመድባቸው የተመራው በውጫዊ ቅርጽ ብቻ ስለነበር፣ ከእንጉዳዮች ጋር የሚዛመደውን የወፍ ጎጆ ፈንገስ እንኳ አብሮ ቀላቅሎታል። የላይፕዚጉ ሐኪም ዮሐንስ ሄድዊግ በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከረጢቶቹን በማይክሮስኮፕ አይቶ በሥዕል ቢያወጣም፣ ስዊድናዊው ኤሊያስ ፍሪስ ከ1821 እስከ 1832 ባሳተመው ግዙፍ ሥራ ይበልጥ ያመነው ዓይን ያለ መሣሪያ የሚያየውን ነበር። የፍሪስ ሥልጣን እጅግ የከበደ በመሆኑ፣ ቅርጽና ቀለም ለብዙ ዓመታት ዋና መለያ ሆነው ቀጠሉ፤ ቀለም ግን ፈንገሱ ሲደርቅ የሚለወጥ ነገር ነው።

ይህን አካሄድ የቀየረው ከፓሪስ በስተሰሜን በምትገኘው ሞንሞራንሲ ይኖር የነበረው ፋርማሲስት ኤሚል ቡዲየ ነው። ቡዲየ በ1885 ባወጣው ምደባ፣ ስፖሩ ከከረጢቱ የሚወጣበትን መንገድ መሠረት አድርጎ፣ ጫፉ ላይ እንደ ክዳን የሚነሣ ቁራጭ ያላቸውን በአንድ ወገን፣ ክዳን የሌላቸውንና አብዛኛውን ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ የሚተኩሱትን በሌላ ወገን ለያቸው። ክዳኑ በሚገባ የሚታየው ሕዋሱ በሕይወት ሳለ በመሆኑ፣ ደረቅ ናሙና ብቻ ይዞ መፍረድ አስተማማኝ አልሆነም። ከመቶ ዓመት በኋላ የመጣው የዲኤንኤ ምርመራ ክዳናሞቹ በእርግጥም የአንድ የዘር ሐረግ መሆናቸውን አረጋገጠ፤ ክዳን የሌላቸው ግን ወደ ብዙ ሐረጎች ተበተኑ። ከመሬት በታች የሚያድገው ውድ ትረፍል፣ ስፖሩን መተኮስ ትቶ ክዳኑን ያጣ ቢሆንም፣ ከክዳናሞቹ የሚቆጠር ነው።

ስለዚህ አዲስ ዝርያ ማግኘት ማለት ከመልቀም ይልቅ፣ ከታወቁት ዝርያዎች ሁሉ ጋር አነጻጽሮ ስም ያልወጣለት መሆኑን ማሳየት ነው። ተመራማሪው ክዳኑን፣ የስፖሩን መጠንና የከረጢቱ ጫፍ በአዮዲን ሰማያዊ መሆን አለመሆኑን ይመዘግባል። ከ1958 ጀምሮ የስሙ ዋቢ የሚሆን ናሙና እንዲሰየም፣ ከ1935 እስከ 2011 ደግሞ መግለጫው በላቲን እንዲጻፍ የሳይንሳዊ ስም አወጣጥ ሕጉ ያስገድድ ነበር፤ የላቲኑ ግዴታ ቢቀርም የናሙናው ጸንቷል፣ ከ2013 ወዲህም በታወቀ መዝገብ መለያ ቁጥር ሳያገኝ የታተመ አዲስ የፈንገስ ስም ተቀባይነት የለውም።