ሽቦው የሚያበቃበት፦ የተርሚናል ቃላት ከየት መጡ?

በሊኑክስ የተርሚናልን ጠባይ የሚቀይረው ትእዛዝ «ኤስቲቲዋይ» ይባላል። መመሪያውን የከፈተ ሰው «ኦኤንኤልሲአር»፣ «ኦኤልሲዩሲ» የሚሉ የፊደል ክምሮች ይደረደሩለታል፤ ማብራሪያቸውም ከስማቸው ብዙ አይሻልም። ወደ አማርኛ ቢመለስ እንኳ አይገባም፤ ቃላቱ የተወለዱት ዛሬ ከጠረጴዛችን ላይ በሌለ መኪና ነውና።

«ቲቲዋይ» ቴሌታይፕራይተር የሚለው ስም ምሕጻር ነው። «ቴሌ» በግሪክ ሩቅ ማለት ሲሆን እኛ ዘንድ የስልክ ድርጅት ስም ሆኖ ቀርቷል። «ታይፕ» ደግሞ «ቲፖስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ምት፣ ወይም ምቱ የሚተወው አሻራ። አማርኛ ይህን ተቀብሎ ተየበ፣ ይተይባል፣ ትየባ እያለ እንደ ገዛ ግሱ አርብቶታል። (ከዚህ የተሻለ ውሰት ጥቂት ነው።) «ተርሚናል» መነሻው የላቲኑ «ተርሚኑስ»፣ ወሰን ነው። ለገሃር ሐዲዱ የሚያበቃበት እንደ ነበረ ሁሉ፣ ተርሚናልም ሽቦው የሚያበቃበት መኪና ነበር።

አንባቢን ይበልጥ የሚያደናግረው «ካሬጅ ሪተርን» ነው። «ካሬጅ» ከ«ካርጎ» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም መጫንን ከሚያመለክት አንድ የላቲን ግስ ይወለዳሉ። በጽሕፈት መኪና ላይ ወረቀቱን ተሸክሞ ወዲያ ወዲህ የሚለው ክፍል ስም ነበር። በ1963 እ.ኤ.አ. በወጣው ቴሌታይፕ ሞዴል 33 ግን የሚንቀሳቀሰው ፊደል የሚመታው ራስ ነው። መኪናው በሰከንድ 10 ፊደል ይመታል፤ ራሱ ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ ለመመለስ ግን ከአንድ ፊደል በላይ ጊዜ ይፈጅበታል። ስለዚህ ሁለት ምልክት ይላክለታል፦ ቁጥር 13፣ ማለትም «ካሬጅ ሪተርን»፣ «ተመለስ»፤ ቁጥር 10 «ወረቀቱን አንድ መስመር ግፋ»። ወረቀቱ ሲገፋ ራሱ ይደርሳል።

የሊኑክስ ቀዳሚ የሆነው ዩኒክስ በፋይል ውስጥ 10ን ብቻ አስቀረ። ጽሑፉ ወደ ተርሚናል ሲወጣ 13ን የሚጨምርለት እንግዲህ ያ «ኦኤንኤልሲአር» ነው፦ «ኦ» ለአውትፑት፣ «ኤንኤል» ለአዲስ መስመር፣ «ሲአር» ለመመለሱ። ከተዘጋ እያንዳንዱ መስመር ያለፈው ካቆመበት ሥር ስለሚጀምር ጽሑፉ ደረጃ እየሠራ ወደ ቀኝ ይወርዳል። መድኃኒቱ «ኤስቲቲዋይ ሴን» ነው፤ «ሴን» ጤነኛ ማለት ነው።

«ኦኤልሲዩሲ» የሚባለው ደግሞ ትንንሹን የላቲን ፊደል ወደ ካፒታል ይለውጣል፤ ሞዴል 33ን የመሰሉ መኪኖች ከካፒታል ሌላ አያውቁም ነበር። ግእዝ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው መቼቱ የማይነካው ይመስላል። ሆኖም ፊደልን በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 «ሀ» ሦስት ባይት ነው፤ የመጀመሪያው 225። ሊኑክስ መቼቱን የሚፈጽመው ባይት በባይት ስለሆነ 225ን ጭረት ያለበት ትንሽ «ኤ» ነው ብሎ 193 ያደርገዋል። 193 ደግሞ በዩቲኤፍ-8 የማንም ፊደል መነሻ አይደለም፤ «ሀ»ም ከገጹ ይጠፋል።