በአደራ ስለ መጡ ልጆች፤ የወጣቶች ልውውጥና የበጎ ፈቃደኞቹ ማኅበር አጭር ታሪክ

አደራ ከባድ ነገር ነው። የሰውን ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ቈጥሮ ይመልሳል፤ የሰውን ልጅ በአደራ የተቀበለ ግን እንዲህ በቀላሉ ነጻ ሊወጣ አይችልም። ልጁ ቢታመም፤ ቢያዝን፤ ካሳደሩት ሰዎች ጋር ቢጋጭ፤ ቋንቋ አጥቶ በሰው መካከል ብቸኛ ቢሆን፤ ስለዚህ ሁሉ ተጠያቂ ነው። በዚህ ዘመን ለትምህርትና ለመተዋወቅ ከአገር ወደ አገር የሚሻገሩ ወጣቶች ብዙ ሺሕ ናቸው። እነርሱን የሚቀበሉና የሚጠብቁ ሰዎች ግን አብዛኞቹ ደመወዝ የማይቀበሉ፤ የራሳቸው ሥራና ቤተ ሰብ ያላቸው፤ ከዕረፍታቸው ጊዜ ቈርሰው የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ስለ ልጆቹ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ልጆቹን የሚጠብቁትን ሰዎች ማን እንደሚጠብቃቸው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የዚህ ነገር ታሪክ ከዚህ በታች ባጭሩ ተጽፏል፤ ዓመታቱም የተቈጠሩት እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በ1918 ሲፈጸም የኤውሮጳ ምድር በመቃብርና በፍርስራሽ ተሞልታ ነበር። በ1920 ፒየር ሴሬሶል የሚባል የስዊስ ሰው፤ በፈረንሳይ አገር በቬርደን አጠገብ ወደ ነበረች ኤን ወደምትባል የፈረሰች መንደር ከጥቂት ባልንጀሮቹ ጋር ሄደ። ትናንት ሲዋጉ ከነበሩት አገሮች የመጡ ሰዎች፤ ጀርመኖችም ሳይቀሩ፤ በአንድነት ቤት ይሠሩ ጀመር። ሐሳባቸው እጅግ መልካም ነበር፤ የአገሩ ሰው ቍስል ግን ገና አልሻረም ነበርና ሥራው ጥቂት ወራት ከቈየ በኋላ በ1921 ተቋረጠ። ሴሬሶልና ባልንጀሮቹ ግን ተስፋ አልቈረጡም። በ1927 የራይን ወንዝ ሞልቶ የሊክተንስታይንን እርሻ ካጠፋ በኋላ፤ በ1928 ከ700 የሚበልጡ በጎ ፈቃደኞች ከልዩ ልዩ አገር ተሰብስበው መሬቱን ከድንጋይና ከአሸዋ አጸዱ። ሰርቪስ ሲቪል ኢንተርናሲዮናል የሚባለውም ማኅበር ከዚህ ሥራ በቅሎ እስከ ዛሬ ይኖራል። በሁለቱ ሥራዎች መካከል ያለፉት ዓመታት አንድ ነገር አስተማሩ፤ መልካም ሐሳብ ሥራን ይጀምራል እንጂ ብቻውን አያጸናም፤ የሚያጸናው የሰዎች መያያዝ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ ከዚሁ ጦርነት የተነሣ ነው። በ1915 በአፕሪል ወር፤ አሜሪካ ገና ወደ ጦርነቱ ሳትገባ፤ ፒያት አንድሩ የሚባል አሜሪካዊ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የተባለውን የቍስለኞች ማመላለሻ ማኅበር በፈረንሳይ አቋቋመ። አንድሩ አስቀድሞ በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኤኮኖሚ መምህር፤ በኋላም በአገሩ የገንዘብ ሚኒስቴር ሹም የነበረ ሰው ነው። ወደ እርሱ የመጡት ወዶ ዘማቾች አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። መሣሪያ ሳይዙ በፎርድ አውቶሞቢል ቍስለኛ ከጦር ሜዳ ወደ ሐኪም ቤት ያመላልሱ ነበር። ጦርነቱም ለእነርሱ አልራራም፤ በዚያው በ1915 በፈረንጆች ልደት ሌሊት ከመካከላቸው አንዱ ጐልማሳ በአልዛስ ተራራ መንገድ ላይ መኪናውን ሲነዳ በመድፍ ጥይት ተመትቶ ሞተ።

እነዚህ ወጣቶች ያን ያህል መከራ የታገሡት በጀግንነት ብቻ አይደለም። ከኋላቸው ብዙ እጅ ነበረ። በቦስተን ከተማ ሄንሪ ስሊፐር የሚባል ሰው ገንዘብ ይሰበስብ፤ አዲስ ዘማቾችንም ይመለምል ነበር። የመኪናውን ዋጋ የሰጠ ሰው ስሙ በመኪናው ላይ በተለጠፈ ሰሌዳ ይጻፍለት ነበር፤ ስለዚህ ነጂው የማን ስጦታ እንደሚነዳ ያውቃል፤ ሰጪውም ስጦታው ወዴት እንደ ደረሰ ይጠይቃል። በፓሪስ በሬይኑዋር መንገድ በቍጥር 21 ማኅበሩ አንድ ሰፊ ቤትና የአትክልት ቦታ አግኝቶ ነበር። አዲስ የመጣው ነጂ በዚያ ያድራል፤ ከጦር ሜዳ ፈቃድ ያገኘው በዚያ ያርፋል፤ ከአገሩ የተላከለትንም ደብዳቤ በዚያ ያገኛል። ነጂዎቹም በየክፍላቸው ሃያ ያህል መኪና ይዘው አብረው ይበሉ፤ አብረው ያድሩ ነበርና አንዱ ሲደክም ሌላው ይተካዋል። ጦርነቱ እስኪፈጸም ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ማኅበር አገልግለዋል። አሜሪካም ወደ ጦርነቱ ከገባች በኋላ በ1917 ሥራው ለአገሪቱ ሠራዊት ተላለፈ።

ጦርነቱ ሲያልቅ ማኅበሩ አልተበተነም። የቀድሞዎቹ ነጂዎች እየተገናኙ ወዳጅነታቸውን ጠበቁ፤ አሜሪካውያን በፈረንሳይ፤ ፈረንሳውያንም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ እንዲማሩ የትምህርት ርዳታ ሰጡ። በ1936 አንድሩ ሲሞት የጦር ሜዳ ረዳቱ የነበረው ስቲቨን ጋላቲ በስፍራው ተተካ። በ1939 ጦርነት እንደ ገና ሲነሣም ጋላቲ የማመላለሻውን ሥራ ዳግመኛ አቆመ። ነጂዎቹ በመጀመሪያ በፈረንሳይ፤ ቀጥሎም ከእንግሊዝ ሠራዊት ጋር በመካከለኛው ምሥራቅ፤ በሰሜን አፍሪካና በኢጣሊያ ዘመቱ፤ በ1945 በአፕሪል ወርም ወደ ቤርገን ቤልሰን የእስረኞች ሰፈር ገብተው በረኃብና በበሽታ የተጐዱትን አነሡ። ነጂዎቹ ወደ ቤታቸው የጻፉት ደብዳቤ እየተሰበሰበ ታትሞ ለወላጆችና ለረዳቶች ይላክ ስለ ነበር፤ ሩቅ ያለውና በቤቱ የቀረው ሰው አንዱ የሌላውን ኑሮ ያውቅ ነበር።

በ1946 የሁለቱ ጦርነቶች ነጂዎች በኒው ዮርክ ተሰብስበው ወደ ፊት ስለሚሆነው ተመካከሩ። በጦር ሜዳ የወደቀውን ማንሣት መልካም ነው፤ ሰው እንዳይወድቅ ማድረግ ግን ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ የልዩ ልዩ አገር ልጆች ጐልማሳ ሳይሆኑ፤ ልባቸውም በጥላቻ ሳይደነድን፤ በባዕድ አገር ተቀምጠው እንዲማሩ ወሰኑ። በሚከተለው ዓመት በ1947 ከ10 አገሮች 52 ተማሪዎች ወደ አሜሪካ መጡ። በኋላም ትናንት ጠላት የነበሩት የጀርመንና የጃፓን ልጆች ሳይቀሩ በአሜሪካውያን ቤት እንደ ልጅ ተቀመጡ። ልጁን በጦርነት ያጣ ሰው በሚኖርበት መንደር የጠላቱን ልጅ አምጥቶ ማሳደር ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

ተማሪዎቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ ሥራው በኒው ዮርክ ባለው ጽሕፈት ቤት ብቻ ሊፈጸም የማይችል ሆነ። ስለዚህ በየከተማው የአጥቢያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው የጐረቤታሞች ጉባኤ ነው፤ አንዱ አሳዳሪ ቤተ ሰብ ይፈልጋል፤ አንዱ ከተማሪ ቤቱ ሹም ጋር ይነጋገራል፤ አንዱ ገንዘብ ይሰበስባል፤ አንዱ ደግሞ የተማሪው መካሪ ሆኖ ደስታውንና ችግሩን ይሰማል። አሳዳሪው ቤተ ሰብ ስለ ማሳደሩ ዋጋ አይቀበልም ነበር። ኢትዮጵያውያን አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት የዚህን ኮሚቴ ሥራ በትክክል ይገልጻል። ለቅሶን በዕድር፤ እርሻን በደቦ የሚፈጽም ሕዝብ ይህን ሥርዐት እንደ እንግዳ ነገር አያየውም።

ዓመቱ ሲፈጸም ተማሪዎቹ በአውቶቡስ ሆነው አገሩን ያቋርጡ ነበር፤ በየመንገዱም የየአጥቢያው ሰዎች ተራ በተራ ይቀበሏቸውና ያሳድሯቸው ነበር። የጕዞውም ፍጻሜ ዋሺንግቶን ነበረ፤ በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀብለው አነጋግረዋቸዋል። ሕዝቡ የሚያየው የዚህን ቀን ክብር ነው። ይህ ቀን እንዲደርስ ግን በየመንደሩ ያሉ ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በስውር ደክመዋል።

ከዚህ ሁሉ የበለጠው ርዳታ የመጣው ከራሳቸው ከተማሪዎቹ ነው። ዓመቱን ፈጽመው ወደ አገራቸው የተመለሱት ወጣቶች፤ ብቸኝነትንና የቤት ናፍቆትን ቀምሰው ያውቁ ነበርና፤ ለሚቀጥሉት መካሪዎች ሆኑ። በኢጣሊያ በ1955 ተመላሾቹ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ይህም ዛሬ ኢንተርኩልቱራ ተብሎ ይታወቃል። ጋላቲ በ1964 ሞተ፤ ሥራው ግን በአንድ ሰው ላይ ብቻ የተመሠረተ ስላልነበረ አልፈረሰም። እስከ 1971 ድረስ ልውውጡ ሁሉ ከአሜሪካ ወይም ወደ አሜሪካ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሎች አገሮች እርስ በርሳቸው ልጆቻቸውን መለዋወጥ ጀመሩ። በዚያው ዓመት የኤውሮጳ ማኅበሮች ኤፊል የሚባለውን ኅብረት መሠረቱ። እንዲህም በመሆኑ የአንድ አገር በጎ ፈቃደኛ የሌላውን አገር በጎ ፈቃደኛ አግኝቶ ችግሩን የሚነግርበትና የሚማርበት ስፍራ ተገኘ።

ከዚህ ማኅበር ውጭም እንዲሁ ያለ መያያዝ ተሠርቷል። በ1948 በዩኔስኮ ረዳትነት የዓለም የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማኅበሮች የሚተባበሩበት ኮሚቴ በፓሪስ ተቋቋመ። የኤውሮጳ ምክር ቤት በ1972 በስትራስቡርግ፤ በ1995 ደግሞ በቡዳፔስት የወጣቶች ማእከል ከፈተ፤ የየአገሩ የወጣት ማኅበር መሪዎች በዚያ ተሰብስበው አብረው እያደሩ ይማራሉ። የኤውሮጳ ኅብረትም በ1996 የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲጀምር ለእያንዳንዱ ወጣት ከሥራ አለቃው የተለየ መካሪ እንዲሰጠው ሥርዐት አደረገ፤ በ2000ም ይህን ሥራ ለሚሠሩ ሰዎች ትምህርት የሚሰጡ ሳልቶ የሚባሉ ማእከሎችን አቋቋመ።

ይህ ሁሉ ሥርዐት የተሠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በጎ ፈቃደኛ ብቻውን ሲተው ከሁለት ነገር አንዱ ይደርስበታል። ወይም ስልኩ በሌሊት ሲጮኽ፤ ልጁና አሳዳሪዎቹ ተጣልተው መኻል ሲገባ፤ ከሩቅ ያሉት ወላጆችም ሲቈጡት፤ ኀይሉ አልቆ ሥራውን ይተዋል። አለዚያም ስሕተቱን የሚነግረው ሰው ስለሌለ ስሕተቱን ይሸፍናል፤ የዚህም ዕዳ የሚወድቀው በልጁ ላይ ነው። ክፉ ሰው በደግ ሰዎች መካከል ሊሸሸግ ይችላልና፤ ደግነትን ያለ ጥንቃቄ ማመን ልጅን ለጕዳት አሳልፎ መስጠት ይሆናል።

ስለዚህ የአሜሪካ መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ልውውጥ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት የአጥቢያው ወኪል በየወሩ ተማሪውን ማነጋገር አለበት፤ መኖሪያውም ከተማሪው ከ120 ማይል የራቀ እንዳይሆን ታዟል። በአሳዳሪው ቤት ያለ ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ሁሉ የወንጀል መዝገቡ ይመረመራል። ተማሪውን የሚያሳድር ሰው ያንኑ ተማሪ የሚቈጣጠር ወኪል ሊሆን አይችልም። ወኪሉም በየዓመቱ ይማራል፤ ይፈተናልም። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ በነጻ ለሚያገለግል ሰው ይህ ሁሉ ቀንበር ለምን ይጫንበታል ሊል ይችላል። ነገር ግን ደንቡ የሚጠብቀው ልጁን ብቻ አይደለም፤ በጎ ፈቃደኛውንም ነው። ማን ምን እንደሚሠራ ከታወቀ፤ አንድ ሰው አሳዳሪም መካሪም ዳኛም ለመሆን አይገደድም።

በ2020 በመጋቢት ወር ይህ መያያዝ በጽኑ ተፈተነ። የኮሮና በሽታ በዓለም ሲስፋፋ፤ አገሮች ድንበራቸውን ሲዘጉ፤ አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ የዓመቱን ልውውጥ አቋርጦ ተማሪዎቹን ወደ ወላጆቻቸው ለመመለስ ወሰነ። እንዲህ ያለው ሥራ ከአንድ ጽሕፈት ቤት በሚወጣ ትእዛዝ ብቻ አይፈጸምም። ልጁን ከአሳዳሪው ቤት የሚያነሣ፤ የሚያጽናና፤ በማዶ ደግሞ የሚቀበል የታወቀ ሰው ያስፈልጋል። በችግር ቀን የሚገኘው ወዳጅ በደኅና ቀን የተያዘው ነው።

የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ይህ ነው። በሬይኑዋር መንገድ የነበረው ቤት፤ በየወሩ የታተመው ደብዳቤ፤ የአጥቢያው ኮሚቴ፤ የተመላሾቹ ማኅበር፤ የየወሩም ጥየቃ ሁሉ አንድ ሥራ ሠርተዋል፤ ይኸውም ሸክም የተሸከመውን ሰው መደገፍ ነው። በጎ ፈቃደኛን ማመስገን መልካም ነው፤ ምስጋና ግን በሌሊት ስልክ አያነሣም። ስለዚህ ልጅን በአደራ ለመቀበል የሚያስብ ማንኛውም ጉባኤ፤ አስቀድሞ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ልጁን የሚጠብቀው ማን ነው፤ ጠባቂውስ ሲደክም የሚተካው ማን ነው? ለሁለቱም ጥያቄ የሰው ስም ከተገኘ፤ በዚያን ጊዜ በሩን ይክፈት።