ከአንድ ሰው ምስክርነት ወደ ንጽጽር ጥናት፦ ውፍረትን የመቀነሻ አመጋገብ ታሪክ

ስለ ውፍረትና አመጋገብ በሕዝብ ዘንድ ጸንተው ከሚኖሩ እምነቶች አንዳንዶቹ ከአንድ ሰው ገጠመኝ የተነሱ ናቸው። ለንደን ውስጥ የቀብር ሥርዓት አስፈጻሚ የነበረው ዊልያም ባንቲንግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጆሮ ሐኪሙ ዊልያም ሃርቪ ዳቦ፣ ስኳር፣ ቢራና ድንች እንዲተው መክሮት በአንድ ዓመት ገደማ 21 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሰ። ገጠመኙን የተረከበት አነስተኛ መጽሐፍ በ1863 እ.ኤ.አ. ታትሞ ዝነኛ ሆነ። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሚመሰክረው ባንቲንግ መክሳቱን እንጂ ሌላ አመጋገብ ቢከተል ኖሮ የሚደርስበትን ውጤት አይደለም፤ የሚነጻጸርበት ወገን አልነበረውምና።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ ጥፋቱ ከዳቦና ከስኳር ይልቅ በቅባት ተሳበበ። ሁለቱን አስተሳሰቦች ፊት ለፊት ካገናኙት ጥናቶች አንዱ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ነው። 609 ጎልማሶች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንደኛው ወገን ቅባት፣ ሌላው ካርቦሃይድሬት እንዲቀንስ ተደረገ። ከ12 ወራት በኋላ የመጀመሪያው ወገን በአማካይ 5.3፣ ሁለተኛው 6.0 ኪሎ ግራም ቀነሰ፤ ልዩነቱም ከአጋጣሚ የሚለይ አልሆነም። በየወገኑ ውስጥ ግን ብዙ የቀነሱም፣ ክብደት የጨመሩም ነበሩ።

ስለዚህ «ጎረቤቴ እንጀራ ትታ ከሳች» የሚል ታካሚ ሲመጣ ምስክርነቱን ልንንቀው አይገባም፤ ለሁሉም የሚሠራ ማስረጃ አድርገንም አንቀበለው። ይልቁንስ ታካሚው ሳይሰለች ሊዘልቅበት የሚችለውን ጤናማ አመጋገብ አብረን እንፈልግ።