ቱሪንግ፣ ቶርኖ፣ ሰጋር

መስከረም 17 ቀን 2016 ዓ.ም. እኛ መስቀልን ስናከብር ቢኤምደብሊው በርሊን ላይ አር 1300 ጂኤስ የተባለውን አዲሱን የረጅም ጉዞ ሞተር ሳይክሉን ገለጠ። ዕለቱ የተመረጠው የኩባንያው የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል፣ አር 32፣ እዚያው በርሊን ለሕዝብ ከታየ ልክ 100 ዓመት ስለሞላው ነው። የሞተር ወዳጆች ወዲያው ተያያዙት። ክብደቱ 237 ኪሎ ግራም ነው፤ ከቀዳሚው በ12 ኪሎ መቅለሉን አብዛኛው ሰው ወደደው። ጠቡ የመጣው በፊት መብራቱ ነው። የቀድሞዎቹ ጂኤሶች አንዱ ዐይን ከሌላው የተለየ፣ ከሩቅ የሚታወቅ ፊት ነበራቸው፤ የአዲሱ መብራት ግን የተጋደመ መስቀል ይመስላል። በመስቀል ቀን መውጣቱን ጀርመኖቹ አስበውበት አይመስለኝም።

የእንዲህ ያለ ሞተር ምስል ሐዋሳም ይደርሳል። አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ ሞተርና ባጃጅ የሚጠገንበት ደጅ ላይ ወጣቶች ስልክ እየተቀባበሉ ትልልቅ ሞተር ሲያደንቁና ሲያጣጥሉ መስማት ብርቅ አይደለም። አንዱ "ይሄ ሞተር ነው ወይስ መኪና?" ይላል። ሌላው "መለዋወጫውን ከየት ልታመጣለት ነው?" ብሎ ወሬውን ያቀዘቅዘዋል። ፍርዱን ለእነሱ ልተውና እኔ ቃላቱን ልከተል።

ልጁ ለመካኒኩ ስልኩን ያሳያል እንበል።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ቦክሰር ሞተር ነው።"

"ቦክሰርማ ይቻት፤ ትናንት ሞተሯን አውርጄልህ የለ?"

"እሷን አይደለም፣ ጋሼ። ሞተሩ ቦክሰር ነው እያልኩዎት ነው!"

ሁለቱም ልክ ናቸው። የቢኤምደብሊው ሲሊንደሮች ግራና ቀኝ የተኙ ናቸው፤ ፒስተኖቹ አብረው ወደ ውጭ፣ አብረው ወደ ውስጥ ይሄዳሉ። ቡጢኛ ጓንቶቹን ገጭቶ ክንዱን ሲዘረጋ ስለሚያስታውሱ አሠራሩ ቦክሰር ተባለ፤ ከአር 32 ጀምሮም የኩባንያው መታወቂያ ሆኖ ቆይቷል። ሐዋሳ ላይ ግን ቦክሰር ሌላ ነች። የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያ የሚሠራት፣ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ጆንያም ሰውም የምትሸከም ሞተር ነች። ቡጢ ከስሟ በቀር የትም የላትም። አማርኛ ደግሞ "ቦክስ አቀመሰው" እያለ ቃሉን ለመንደር ጠብ ካዋለው ቆይቷል።

ግራ መጋባቱን የሚያባብሰው "ሞተር" ራሱ ነው። ከላቲን ሲነሳ "የሚያንቀሳቅስ" ማለት ነው፤ በአማርኛ ነዳጅ የሚነድበትን አካልም፣ ሙሉውን ተሽከርካሪም ይጠራል። እንግሊዞች ረጅሙን ስም ሲያሳጥሩ የመንኮራኩሩን ወገን ይይዛሉ፤ እኛ ሳይክሉን ጥለን ሞተሩን ያዝን። ስለዚህ "ሞተሩን አወረደው" የሚል ሰው ሞተር ሳይክሉን ከአይሱዙ ላይ አውርዶት ይሁን፣ ወይስ ፈታትቶ ቀለበትና ፒስተን ሊቀይርለት፣ የሚያውቀው እዚያው የቆመ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ "ሞተር ሳይክል" ይጻፋል፤ በአፍ ግን ሞተር፣ ነጂውም ሞተረኛ ነው።

የጾታውን ነገርም ልብ በሉ። ቦክሰር "ነች"፣ ጂኤስ "ነው"። አማርኛ ትንሿን፣ የለመዳትን፣ የሚወዳትን ነገር በአንስታይ ይጠራል፤ ሲገዝፍበትና ሲያስፈራው ወደ ተባዕት ያዞረዋል። ወጣቶቹ ስለ አዲሱ ሞተር ምን እንደተሰማቸው ለማወቅ ይህችን አንዲት ፊደል ማዳመጥ ይበቃል።

ብስክሌትን ብዙ ሰው ከጣልያን የመጣ አድርጎ ይወስደዋል። እኔ እጠራጠራለሁ። ጣልያንኛው "ቢቺክሌታ" ነው፤ ትግርኛ "ብሽክለታ" ሲል የ"ቺ"ን ጥላና የመጨረሻዋን "ታ" ይዟል። አማርኛው ሁለቱም የሉትም፤ "ስ" አለው፣ መጨረሻውም ተቆርጧል። ይህ ለፈረንሳዩ "ቢሲክሌት" የበለጠ ይቀርባል። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ ቋንቋ ፈረንሳይኛ እንደነበረ፣ ለገሃርንና ሹፌርንም ከዚያ እንዳገኘን ካስታወስን የሚደንቅ አይሆንም። የጣልያን ግዛት ያለው ጋራዡ ውስጥ ነው፤ ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፓራፋንጎ፣ ኩሽኔታ፣ ታርጋ፣ ቦሎ። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማም ነው፤ ብልጭታ የሚሰጠው ትንሽ ዕቃ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ባጃጅ ደግሞ የሰው ስም ነው። ጃምናላል ባጃጅ የጋንዲ የቅርብ ሰው የነበሩ ሕንዳዊ ባለሀብት ናቸው፤ ኩባንያው የቤተሰቡን ስም ይዞ ቀረ። የባለ ሦስት እግሩ ዘር ግን ጣልያናዊ ነው። የጣልያኑ ኩባንያ ፒያጆ በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓን፣ በ1948 ደግሞ አፔን አወጣ፤ ቬስፓ ተርብ፣ አፔ ንብ ማለት ነው። ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ ወስዶ ነው ማምረት የጀመረው፤ በሐዋሳ ጎዳናዎች የሚርመሰመሱት እንግዲህ የንቧ የልጅ ልጆች ናቸው። አንድ አስገራሚ ነገር ልጨምር፤ ሌላው የሕንድ ኩባንያ ቲቪኤስ የሠራው ባለ ሦስት እግር ባጃጅ ይባላል፣ ባጃጅ የሠራት ባለ ሁለት እግር ግን በምንም ተአምር ባጃጅ አትባልም።

አሁን ወደ ቱሪንግ። ወጣቶቹ "ቱሪንግ ሞተር" ሲሉ ለረጅም መንገድ የተሠራ፣ ጓዝ የሚችል፣ ወገብ የማይቆርጥ ማለታቸው ነው። እንዲህ ያሉ ሞተሮችን ሐዋሳ በዐይኗ ታውቃቸዋለች፤ ከካይሮ ኬፕታውን የሚዘልቀው ጎዳና በሐዋሳ በኩል ወደ ሞያሌ ስለሚወርድ፣ አቧራ የለበሱ የውጭ መንገደኞች ሳጥን በሳጥን ሆነው ያልፋሉ። ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን የተባሉት ተዋንያን በ2007 እ.ኤ.አ. ከስኮትላንድ እስከ ኬፕታውን በቢኤምደብሊው ጂኤስ ሲወርዱ ኢትዮጵያን አቋርጠዋል፤ የጉዞው ፊልም ይህን ዐይነት ሞተር በዓለም ዙሪያ አስመኝቷል።

ቃሉ የመጣው ከፈረንሳዩ "ቱር" ነው፤ መዞር፣ ዙር። የፈረንሳዩ ከላቲኑ "ቶርኑስ"፣ የላቲኑም ከግሪኩ "ቶርኖስ" ይወርዳል። ቶርኖስ ምንድን ነው? ክብ መስመር የሚሠራበት መሣሪያ፣ ኋላም እንጨት እየዞረ የሚቀረጽበት ማሽን። እዚህ ላይ ጋራዡ ጎን ያለውን ሰሌዳ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ "ቶርኖ ቤት" ይላል። ብረት እያዞረ የሚልጠው፣ ያለቀ ዘንግ የሚያስተካክለው ማሽን ስሙን ያገኘው ከጣልያኑ "ቶርኒዮ" ነው፤ እሱም የዚያው የቶርኑስ ልጅ ነው። ቱሪንግና ቶርኖ ወንድማማቾች ናቸው። አንዱ ቀደም ብሎ ከጣልያን መጥቶ ቱታ ለብሶ ዘይት ተቀባ፤ ሌላው ፈረንሳይና እንግሊዝ ተዘዋውሮ በስልክ መስታወት ደረሰ። ልጁ ስለ ቱሪንግ ሲያወራ አጠገቡ ቶርኖው ይጮኻል፤ አይተዋወቁም።

የእኛው "ዞረ"ም ሩቅ አይደለም። ዙር፣ ዙረት፣ አዟሪ ከእሱ ናቸው። ግን "የዙረት ሞተር" ብንል ሥራ ፈት ሞተር ይመስላል፤ ዙረት በአማርኛ ክብር የለውም። "የጉብኝት ሞተር" ደግሞ ቢሮ ቢሮ ይሸታል።

የጓዙን ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከኋላ ዕቃ የሚታሰርበትን ብረት መካኒኩ "ፖርቶ መጋላ" ይለዋል። ጣልያንኛው "ፖርታባጋሊ" ነው፤ ፖርታ ተሸካሚ፣ ባጋሊ ጓዝ። አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ባጋሊን ሲሰማ የሚያውቀውን መጋላን ያሰበ ይመስለኛል፤ ሐረር ውስጥ ፈረስ መጋላና ጊዲር መጋላ የሚባሉት ገበያዎች አሉና። ጓዝ ተሸካሚው እንዲሁ ገበያ ተሸካሚ ሆኖ ቀረ። ከጋራዥ ቃላት ሁሉ ይህን የሚያህል የምወደው የለም። "ጓዝ" ራሱ በድሮ ጉዞ ከሠራዊቱ ጋር የሚሄደውን ስንቅና ድንኳን ሁሉ ያቅፋል፤ ዛሬ በአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ቢገባ ትርጉሙ አይጠብበትም።

ከተማም የመንገደኛ ቃል ነው። ቀድሞ ከተማ ማለት ንጉሡ በዘመቻና በዙረት መካከል ድንኳኑን ተክሎ የሚሰፍርበት ቦታ ነበር፤ ከተመ ማለት ሰፈረ፣ አረፈ ማለት ነው። "ሰፈር"ም ከዚሁ ኑሮ የወጣ ነው። ቤተ መንግሥቱ ሲንቀሳቀስ ከተማውም ይንቀሳቀሳል። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ ከዋና ከተሞቻችን ወጣት ከሚባሉት ነች። አዲስ ከተማ የሚለውን የክፍለ ከተማዋን ስም በድሮው አማርኛ ብንፈታው አዲስ ማረፊያ፣ አዲስ ሰፈራ ይሆናል። ለረጅም መንገደኛ ከዚህ የተሻለ ስም ያለው ክፍለ ከተማ ፈልጌ አላገኘሁም።

ያ የመንገድ ኑሮ ደግሞ የሚያስፈልገንን ቃል ትቶልናል። የድሮ መኳንንት ሲጓዙ በበቅሎ ነበር፤ ፈረሱ ለጦርነት ይጠበቅና ከጎን ይሳባል። ከበቅሎም በቅሎ ይመረጣል። አካሄዷ ሰውን የማያንገጫግጭ፣ ቀን ሙሉ ቢቀመጡባት የማትሰለች በቅሎ "ሰጋር" ትባላለች፤ ሰገረ ማለት በለሰለሰ ፈጣን እርምጃ ሄደ ነው። ጭነት ብቻ የሚሸከመው አጋሰስ ነው። ፈረስ ይጋልባል፤ ከግልቢያ ዝቅ ሲል ሶምሶማ አለ። አሁን በአእምሯችሁ የሞተሩን ዓለም ደርድሩት። ለፍጥነት የተሠራው ይጋልባል፣ ጆንያ የምትሸከመዋ ቦክሰር አጋሰስ ነች፣ ቱሪንጉም ሰጋር ነው። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያለውን 275 ኪሎ ሜትር ገደማ መጥቶ ወገቡን ሳይዝ የሚወርድ ሰው የሚናገረው ስለ ሰጋር ነው፤ የጂኤሱ 145 የፈረስ ጉልበት እዚህ ላይ ከበቅሎ ሥራ አያልፍም።

ቃል ከከብት ወደ ሰው፣ ከሰው ወደ ብረት ሲሻገር አዲስ ነገር አይደለም። "ነዳ" ከብት ነጂ ነበር፤ ዛሬ መኪና ይነዳል። ሶምሶማ የፈረስ አካሄድ ነበር፤ ዛሬ ጠዋት ጠዋት በሐዋሳ ሐይቅ ዳር የሚሮጠው ሁሉ "ሶምሶማ ወጣሁ" ይላል፤ ፈረስ ትዝ የሚለው የለም። ሰጋርም እንዲሁ ሊሻገር ይችላል።

ስለዚህ አዲስ ከተማ ላይ ሞተር የምትሸጡና የምትጠግኑ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ። ቱሪንግ በሉ፣ የሚከለክላችሁ የለም። ግን ሰሌዳ ስታጽፉ "ሰጋር ሞተር" ብላችሁ አንድ ጊዜ ሞክሩት፤ ሽማግሌ ደንበኛ ቢመጣ ማብራሪያ አይጠይቃችሁም።