ርስት፣ ሽማግሌና መዝገብ፦ የታሪክ መምህር ሙያ ከማንኩሳ ሲታይ

ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በልቦለድ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ታሪኩን የሚጀምረው እዚያ፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው ስሟ ጎጃምን ረግጦ ለማያውቀውም ሁሉ ደረሰ። የታሪክ ጥናት ግን ያን ያህል አልደረሰላትም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ይህች ከተማ በውጭ አገር ሰዎች መጻሕፍት ውስጥ ብቅ የምትለው በአመዛኙ በ1933 ዓ.ም. ጦርነት፣ በቡሬና በደምበጫ መካከል ያለች የጣሊያን ምሽግ ሆና ነው። የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር አለፈባት፣ ጠላት ለቀቃት፣ ትረካውም ተከትሎ ወደ ደብረ ማርቆስ ሄደ። ከዚያ በፊትና በኋላ በዙሪያዋ ማን እንደኖረ፣ መሬቱን በምን ሕግ እንደያዘ፣ ለማን እንደገበረ መመርመር የዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ሥራ ነው። ስለዚህ የዚህን መምህር የሙያ ጉዞ ከማንኩሳ ተነሥቶ መመዘን ይቻላል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በኢትዮጵያ የታሪክ መምህርነት የጎለበተው መምህሩ አንድን አገር ይዞ ለዓመታት ሲቆይበት ነው፤ የዛሬው የማዕረግ ሥርዓት ግን ለዚህ ዓይነቱ ቆይታ ዋጋ አይሰጥም።

የሙያው መሠረት የተጣለው በ1943 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1954 ዓ.ም. ወደ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ካደገ በኋላ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1963 ተቋቋመ፤ መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ መምህራን ለሦስተኛ ዲግሪ የሄዱት በብዛት ወደ ለንደን፣ ወደ ምሥራቅና አፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ነበር። ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1968፣ መርዕድ ወልደ አረጋይ በ1971፣ ባሕሩ ዘውዴ በ1976 ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዚያ ነው። ርዕሶቻቸው ሰፊ ነበሩ፦ የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት፣ የክርስቲያኑ መንግሥትና ደቡቡ፣ የሱዳን ድንበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁት አብዱሰመድ ኤች አሕመድ ግን የጎጃምን ንግድ ከ1901 እስከ 1935 አጠኑ። ሠለጠነ ሥዩም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 እዚሁ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጎጃም የአርበኝነት ተጋድሎ ላይ የሦስተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸውን አቀረቡ። የሥልጠናው ቦታ ከለንደን ወደ ኢሊኖይ፣ ከኢሊኖይ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የጥናቱ ወሰንም ከመንግሥት ወደ ክፍለ ሀገር ወረደ። ይህን መውረድ እንደ መጥበብ የሚያዩ አሉ፤ እኔ የሙያው መብሰል ነው እላለሁ።

የአብዱሰመድ የዘመን ወሰን በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1901 ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዐረፉ፤ አጼ ምኒልክም ጎጃምን ከፋፈሉት። ዳሞትንና አገው ምድርን ራስ መንገሻ አቲከም ያዙ፤ በኋላ ራስ ኃይሉ አገሩን መልሰው አጠቃለሉት። ቡሬ በዓባይ ተሻግሮ ለሚመጣው የወለጋ ንግድ በር ነበረች። ስለዚህ ቡሬን የያዘ ሰው ቀረጡንም፣ የነጋዴውንም መንገድ ያዘ። አብዱሰመድ ከዚያ በኋላም አልራቁም፤ ወደ ምዕራቡ ቆላ ወርደው ስለ ጉሙዝና ስለ ባሪያ ንግድ፣ ወደ ጣና ወጥተው ስለ ዘጌ ካህናትና ስለ ቡና ተክላቸው ጻፉ። አንዱ ጽሑፍ ለሌላው መንገድ እየጠረገ፣ ከመሸጫው ገበያ ወደ ተሸጠው ሰው፣ ከተሸጠው ሰው ወደ ገዢው እርሻ ተጓዙ። አንድን አገር ይዞ መቆየት የምለው ይህን ነው። በየሁለት ዓመቱ ርዕስ የሚቀይር መምህር ይህን ሰንሰለት ሊያየው አይችልም።

ታደሰ ታምራትም በሌላ መንገድ ወደዚሁ አገር መጥተዋል። ስለ ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ከጻፉት ታላቅ መጽሐፋቸው ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ስለ አገውና ስለ ጋፋት ሁለት ጽሑፎችን አወጡ። ዳሞት የሚለው ስም መጀመሪያ ከዓባይ ደቡብ የነበረ አገር ስም ነው፤ ሕዝቡ በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወንዙን ሲሻገር ስሙን ይዞ ተሻገረ። ጋፋትኛ በደቡብና በምዕራብ ጎጃም ቀስ በቀስ በአማርኛ ተዋጠ፤ የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈልግ ቋንቋውን የሚያውቁ ያገኘው አራት ሰዎች ብቻ ነበር። ዛሬ ዳሞት ነኝ የሚለው ገበሬ የማንን ደም፣ የማንን ቋንቋ እንደወረሰ መጠየቅ በፖለቲካው ጫጫታ መካከል ከባድ ነው። ታደሰ ጥያቄውን ያቀረቡት ማንንም ሳያዋርዱ፣ መቀላቀልን የታሪክ ሂደት አድርገው ነው። አንድ ወጣት መምህር ከእሳቸው ሊማረው የሚገባው ከማስረጃው ዓይነት ይልቅ ይህ አያያዝ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሽማግሌው። የማንኩሳና የዙሪያዋ ታሪክ ምንጭ በአብዛኛው የትውልድ ቆጠራ ነው። አሜሪካዊው አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዚህ ሩቅ ባልሆነው ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የታተመው መጽሐፉ እንደሚያሳየው መሬት የሚጠየቀው ከአቅኚው አባት የሚወርደውን ሐረግ በእናትም በአባትም ቆጥሮ ነው። የዘሩ ተወካይ የሆነው ፈጅ ቆጠራውን ይጠብቃል፣ ተከራካሪው ይከራከራል፣ ዳኛው ይሰማል። እንግዲህ ሽማግሌው ለጠያቂው ሰባት ቤት ሲቆጥርለት የሚሰጠው የተጣራ ዜና አይደለም። እያንዳንዱ ስም በአንድ ወቅት የእርሻ ማሳ ነበር፤ የተዘለለ ስምም የተነቀለ ተከራካሪ ሊሆን ይችላል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ትውልድ ሲጽፉ የሰበሰቡት ይህንኑ ዓይነት ቃል ነው። እሳቸው ከኦሮሞ ቤተሰብ በልጅነታቸው ተወስደው በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ያደጉ ሊቅና ሠዓሊ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲ ሳይኖር የታሪክ መምህርን ሥራ የሠሩ ሰው ናቸው። ግርማ ጌታሁን ጽሑፋቸውን አርመው ካሳተሙት ወዲህ ሰነፍ ተማሪ መጽሐፉን እንደ ደረቅ ማስረጃ ሲጠቅሰው አያለሁ። መጽሐፉ ራሱ በርስት ክርክር ዓለም ውስጥ የተጻፈ መሆኑ ሲረሳ ትልቁ ጥቅሙ ይጠፋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ክርክር ዘጋው። ከዚያ ቀን በኋላ ትውልድ መቁጠር ማሳ አያስገኝም፤ ልጆችም ቆጠራውን ለመማር ምክንያት አጡ። በአዋጁ ዋዜማ ሠላሳ ዓመት ሞልቶት በርስት ችሎት የቆመ ሰው ዛሬ ከሰማንያ አልፏል። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ሌላ ንብርብር ጨመረበት፤ «ቢሮክራት» እና «ቅሪት» ተብለው መሬታቸው የተቀነሰባቸው ቤተሰቦች ስለ አያቶቻቸው የሚናገሩት በዚያ ቁስል ውስጥ ሆነው ነው። ጠያቂው ይህን ካላወቀ የ1960 ዓ.ም.ን የገበሬ ዓመፅ ነገር ሲሰማ የ1989ን ይቀዳል።

የ1960ው ዓመፅ ራሱ ጥሩ ምሳሌ ነው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ግብሩን ከርስቱ መለካት ጋር አያይዞ ተነሣ፤ ደጋ ዳሞትም ከዋናዎቹ የዓመፅ ቦታዎች አንዱ ነበር። መንግሥት መጀመሪያ ጦር ላከ፤ በኋላ አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፣ ግብሩንም ለማስከፈል መግፋቱን ተወ። ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ዓመፅ ከትግራይና ከባሌ ጋር አወዳድረው ተንትነውታል። ትንተናው ጽኑ ነው፤ ነገር ግን አውራጃን ከአውራጃ ያወዳድራል እንጂ አንዱ አጥቢያ ሲያምፅ ጎረቤቱ ለምን ዝም እንዳለ አይነግረንም። ይህን ሊነግረን የሚችለው የወረዳ የግብር መዝገብ፣ የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የመሬት ድርሻና የሽማግሌ ቃል ጎን ለጎን ሲነበቡ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ለማንበብ ዓመታት ይወስዳል።

ቀድሞ ይህ ሥራ የሚጀመረው ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ነበር። የታሪክ ክፍሉ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ብዙ ጊዜ በትውልድ አገሩ ላይ ይሠራል፤ ጽሑፉም በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይቀመጣል። ተማሪው ሽማግሌዎቹን ያውቃል፣ የአጥቢያውን ቄስ ያውቃል፣ አነጋገራቸውንም ያለ አስተርጓሚ ይሰማል። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ሲከፈት ብዙ ጥናት የተገነባው በነዚህ ልምዶች ላይ ነው። ዛሬ ለምዕራብ ጎጃም የሚቀርቡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ። ርቀቱ አጠረ፤ ሥራው ግን በዚያው መጠን አልሰፋም። አንደኛው ምክንያት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲሄድ የተደረገው ምደባ ነው፤ የታሪክ ክፍሎች ተማሪ አጡ። በ2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ትምህርት እንዲሆን ታቀደ፤ ትምህርቱ ሲጀመርም መምህሩ ለብዙ መቶ ልጆች አጠቃላይ ታሪክ የሚያስተምር ሰው ሆነ። ይህ ትልቅ አገልግሎት ነው፤ የመስክ ጊዜውን ግን ይበላዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ማዕረግ ነው። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር፣ ከዚያ ወደ ተባባሪና ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር ለማደግ የሚቆጠረው በዋናነት በታወቀ መጽሔት የታተመ ጽሑፍ ነው። መስፈርቱ በራሱ ስህተት አይደለም፤ በአቻ ሊቃውንት ያልተፈተነ ጽሑፍ ሙያውን ያቀልለዋል። የሚያሳስበኝ የማይቆጠረው ነው። በወንጌል ኅዳግ የተጻፈን የጉልት ውል ፎቶ አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ አብራርቶ ለሌሎች አጥኚዎች ማቅረብ ለማዕረግ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ2000 የክርስቲያኑን መንግሥት የመሬት ታሪክ የጻፉት ግን በጎንደርና በጎጃም አብያተ ክርስቲያናት ከተሰበሰቡት እንዲህ ካሉ ሰነዶች ነው። ያ ስብስብ ባይኖር መጽሐፉ አይኖርም ነበር። በአማርኛ የሚጻፈውም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት አማርኛ ይቀበላል፤ ሆኖም መምህሩ ለዕድገቱ ሲያስብ እንግሊዝኛውን ይመርጣል፤ ቃሉን የሰጠው የማንኩሳ ሽማግሌም ስለ ራሱ የተጻፈውን አያነበውም።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው ጦርነት መስክ መውጣትን አደገኛ አድርጎታል፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ መንገድ ሲዘጋ ቆይቷል። በጦርነት ጊዜ መጀመሪያ የሚጎዳው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረቀት ነው፤ ሰላም ሲመጣ የሚፈለገውም ያው ወረቀት ነው። ስለዚህ ሰላም እስኪመጣ ሊሠራ የሚችለው አሁኑኑ ይሠራ። አዲስ አበባ ያሉትን ስለ ዳሞትና ቡሬ የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ለይቶ ዝርዝር ማውጣት፣ በውስጣቸው ቃላቸው የተጠቀሰ ሽማግሌዎችን ስምና ቦታ መመዝገብ፣ የዚያን ትውልድ ቃል ከአለቃ ተክለ ኢየሱስ ቆጠራ ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ለዚህ ሥራ መኪናም የመስክ አበልም አያስፈልግም፤ ሁለት መምህራንና ጥቂት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በአንድ የትምህርት ዓመት ይጀምሩታል። ክፍሉ ይህን ዝርዝር ለማዕረግ እንደሚቆጠር አንድ ሥራ ቢቀበለው፣ መንገዱ ሲከፈት ወደ ማንኩሳ የሚሄደው ወጣት መምህር ማንን እንደሚጠይቅና ከማን ቃል ጋር እንደሚያመሳክር አውቆ ይሄዳል።